ፈተና አውጪ የማይነግራችሁ ሙቀት

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምነግራችሁ፤ ባልደረቦቼ ቢሰሙ ደስ አይላቸውም። የቴርሞዳይናሚክስ ፈተና ስናወጣ በግፊትና በቮልዩም ግራፍ ላይ ከተሣለው የጋዝ ዑደት ጥጎች የአንዱን መጠነ ሙቀት ብቻ እንሰጣለን። የሌሎቹን ባዶ የምንተወው በጭካኔ አይደለም፤ ስለማያስፈልግ ነው። ተማሪው ግን የሞል ብዛት ፍለጋ ይገባል፣ የጋዝ ቋሚውን ከቀመር ወረቀት ይቆፍራል፣ ግማሽ ሰዓት ያልቃል።

ጋዙ ተዘግቶበት ብዛቱ ካልጨመረና ካልቀነሰ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ግፊቱና ቮልዩሙ ሲባዙ ብዜቱ ስንት እጥፍ ሆነ? ስድስት እጥፍ ከሆነ መጠነ ሙቀቱም ስድስት እጥፍ ነው። በኬልቪን እንጂ በሴልሺየስ አይደለም። 27 ዲግሪን በስድስት አባዝቶ 162 የሚጽፍልን ሰው አይጠፋም። መጀመሪያ ወደ ኬልቪን ከተለወጠ ግን መልሱ 1800 ኬልቪን ነው፤ ወደ 1527 ዲግሪ ሴልሺየስ።

የምንወዳት ወጥመድ ግን ሌላ ናት። «በዑደቱ ውስጥ ከፍተኛው መጠነ ሙቀት ስንት ነው?» ስንል ተማሪው ጥጎቹን አስልቶ ትልቁን ይመርጣል። ይህን ስለምናውቅ አንዱን ጎን ሰያፍ እናደርገዋለን። ግፊቱ ከ3 ወደ 1 ሲወርድ ቮልዩሙ ከ1 ወደ 3 በቀጥታ መስመር ይጨምር እንበል። በሁለቱም ጫፍ ብዜቱ 3 ነው፤ ምንም የተለወጠ አይመስልም። መሃል ላይ ግን 2 በ2 ሲባዛ 4 ይሆናል። ጫፎቹ 300 ኬልቪን ከሆኑ መሃሉ 400 ነው። ጋዙ መንገድ ላይ 100 ዲግሪ ሞቆ፣ መልሶ ቀዝቅዞ፣ ምንም እንዳልነካ ሰው ከች ይላል። ሰያፍ መስመር ባያችሁ ቁጥር መሃሉን ፈትሹ።

መጽሐፍ ላይ የማታገኟት ደግሞ የከተማችን የአርባ ምንጭ የራሷ ጉድ ናት። መጽሐፉ የአየር ግፊት 101.3 ኪሎፓስካል ነው ይላል፤ የባሕር ወለሉን ነው። እኛ ከባሕር ወለል 1300 ሜትር ግድም ከፍ ብለን ስለምንኖር እዚህ ግፊቱ 87 አካባቢ ነው። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ በተመሠረተው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ፓምፕ የተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በዚህ ከተማ ፓምፕ በመሳብ ብቻ ውሃን 9 ሜትር እንኳ አያወጣም። ጋዝ ላይ ስንደርስ ግን ይረሳል። በ27 ዲግሪ የከተማውን አየር በጠንካራ ዕቃ ዘግታችሁ፣ ጌጁ 100 ኪሎፓስካል እስኪያሳይ አሞቃችሁት እንበል። ጌጅ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ እውነተኛው ግፊት 187 ነው፤ መጠነ ሙቀቱም 645 ኬልቪን። በመጽሐፉ 101.3 የሄደ ሰው 596 ያገኛል። 49 ዲግሪ ጠፋ! የጠፋውም በስሌት ስሕተት አይደለም፤ የሌላ አገር አየር ስለተበደረ ነው።

ከዚህ ከፍ ብላ ወደምትገኘው ብርዳማ ከተማ ወደ ጨንቻ እንውጣ። ቱርቦ የሌለው የጭነት መኪና በዶርዜ በኩል ሽቅብ ሲያቃስት «ብርዱ ነው፣ ሞተሩ አልሞቀም» የሚል አይጠፋም። እስቲ እናስላው። ናፍጣ ሞተር አየሩን ወደ አንድ አሥራ ስምንተኛ ይጨምቀዋል። ሙቀት ሳይገባም ሳይወጣም ከተጨመቀ፣ በኬልቪን የተለካው መጠነ ሙቀት 3.18 ጊዜ ያድጋል። ይህ ቁጥር የመጣው ከመጭመቂያው ምጣኔና ከአየሩ ጠባይ ብቻ ነው፤ የከፍታው ግፊት አይገባበትም። በአርባ ምንጭ 30 ዲግሪ የገባ አየር ወደ 690 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ በጨንቻ ጠዋት 10 ዲግሪ የገባው ወደ 626። እውነተኛ ሞተር በሲሊንደሩ ግድግዳ ሙቀት ስለሚያስመልጥ ከዚህ ዝቅ ይላል፤ ናፍጣ ለመቀጣጠል ግን የዚህ ግማሽ እንኳ ይበቃዋል።

ታዲያ ጉልበቱን ምን ወሰደው? የጨንቻ አየር ግፊት ወደ 72 ኪሎፓስካል ይወርዳል። ብርዱ አየሩን ጥቅጥቅ በማድረግ ትንሽ ይክሳል፤ እንዲያም ሆኖ በእያንዳንዱ ምት ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር አርባ ምንጭ ላይ ከሚገባው 11 በመቶ ያህል ያንሳል። አየሩ ካነሰ የሚቃጠለው ናፍጣም ያንሳል። ብርዱ የተወቀሰው በከንቱ ነው፤ እንዲያውም ባይኖር ጉድለቱ 17 በመቶ ይሆን ነበር። ቱርቦ ያለው መኪና ያንኑ ዳገት የሚንቀው የጎደለውን አየር በግድ ስለሚያስገባ ነው።