በሌሊት ስለሚዞሩ ውሾችና ድመቶች

በጅግጅጋ ከተማ የሌሊቱ ጸጥታ በውሾች ጩኸት የማይታወክበት ሰፈር ጥቂት ነው። ከእንቅልፉ የነቃ ሰው «ውሾች ተጣሉ» ብሎ ልብሱን ስቦ ተመልሶ ይተኛል። በማግሥቱ የራሱ ውሻ ጆሮው ተቀድዶ ወይም እግሩ እያነከሰ ወደ ደጁ ሲመለስ ያየ ባለቤትም ብዙ አይጨነቅም፤ የውሻ ቍስል በራሱ ይድናል ብሎ ይተወዋል። እርግጥ ነው፣ ብዙ ጊዜ ይድናል። ሐኪም የሚፈራው ግን የቍስሉን ስፋት ሳይሆን በቍስሉ ውስጥ የገባውን ምራቅ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው በዐይን ከማይታይ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ይገኛል፤ በንክሻ ወይም በተላጠ ቆዳ በኩል ገብቶ የነርቭን መንገድ ይዞ ቀስ በቀስ ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ከአንጎልም ተመልሶ ወደ ምራቅ ዕጢዎች ይወርዳል። አስቸጋሪው ነገር እንስሳው ገና ጤነኛ መስሎ ሳለ፣ የእብደቱ ምልክት ከመታየቱ ጥቂት ቀኖች አስቀድሞ፣ ምራቁ በሽታውን ማስተላለፍ መጀመሩ ነው። በሌሊት የተነከሰው ውሻ ወደ ቤቱ ተመልሶ ለብዙ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት፣ እንደ ልማዱ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ከልጆች ጋር ይጫወታል። በሽታው በሚገለጥበት ጊዜ ባለቤቱ ያንን የሌሊት ጠብ ፈጽሞ ረስቶታል። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ደግሞ ለሰውም ሆነ ለእንስሳ አስተማማኝ ፈውስ እስከ ዛሬ አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ ይሞታሉ፤ ከእነዚህም ውስጥ 99 ከመቶ ያህሉ በሽታውን ያገኙት ከውሻ ነው። በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች ውስጥ 40 ከመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው።

ሕዝቡ ያበደ ውሻ ሲባል የሚያስበው አረፋ እየደፈቀ፣ ያገኘውን ሁሉ እየነከሰ የሚሮጠውን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በሽታው በጸጥታም ይመጣል። እንዲህ ያለው ውሻ ወደ ጨለማ ጥግ ይሸሻል፤ የታችኛው መንጋጋው ይወድቃል፤ ለሐጩ ይዝረበረባል፤ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱ አጥንት በጉሮሮው የተሰነቀረበት መስሎት፣ አዝኖለት፣ እጁን ወደ አፉ ይሰዳል። በውሻው ደግነት የሚታመን ሰው የሚያደርገው ይህ ነው፤ ከዚህ የበለጠ አደገኛ ደግነት ግን አላውቅም። መንጋጋው የወደቀ፣ ድምፁ የተለወጠ ወይም ጠባዩ ባልታወቀ ምክንያት የተቀየረ ውሻ በእጅ ሳይነካ በር ተዘግቶበት ለከብት ሐኪም መነገር አለበት።

በጅግጅጋና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች የውሻ አኗኗር የራሱ ጠባይ አለው። በሻፊዒ መዝሀብ የውሻ ምራቅ ርኩስ ስለሆነ ውሻ ወደ ቤት አይገባም፤ በግቢ ወይም ከግቢ ውጭ ሆኖ ንብረትና መንጋ ይጠብቃል። ቀን በግንብ ጥላ ሥር ተኝቶ ይውልና ሲመሽ ምግቡን ፍለጋ ወደ ቄራውና ወደ ቆሻሻ መጣያው ይወርዳል። እዚያም የሌላ ሰፈር ውሾችን፣ ጅብንና ቀበሮን ያገኛል። በቀብሪ በያህ፣ በሐርሺንና በአውበሬ ደግሞ የአርብቶ አደሩ ውሻ መንጋውን ተከትሎ ወደ ከተማ ይገባል፤ በቶጎ ውጫሌም ውሻ የድንበር መስመር አያውቅም። በዚህ ምክንያት በአንድ መንደር የተነሣ በሽታ ከመንደሩ ጋር አይቀርም።

ድመት ግን በሁሉ ቤት የተወደደች ናት። ከወተቱ ትቀምሳለች፤ ከልጆች ጋር በአንድ ምንጣፍ ትተኛለች። ስለዚህ ድመት በበሽታው ከተያዘች ንክሻዋ የሚያርፈው በሕፃን ፊትና እጅ ላይ ሊሆን ይችላል። ያላበደች ድመት ንክሻም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ጥርሷ እንደ መርፌ ቀጭን ስለሆነ ቀዳዳው ከላይ ቶሎ ይገጥምና ከውስጥ መግል ይቋጥራል። ተጣልታ የመጣች ድመት በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ አካሏ አንድ ወገን ቢያብጥና መብላት ብትተው ነገሩ ይኸው ነው።

ውሾችን ከመዞር መከልከል ብቻውን ምን ሊሠራ እንደሚችል የእንግሊዝን አገር ታሪክ መመልከት ይበቃል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ለውሻ የሚሰጥ ክትባት በሥራ ላይ ሳይውል መንግሥቱ ውሻ ሁሉ አፉ ታስሮ ካልሆነ በመንገድ እንዳይሄድ ደነገገ፤ ባለቤት የሌላቸውን ሰበሰበ፤ ከውጭ የሚገቡትን ለይቶ አቆየ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 በሽታው ከአገሩ ጠፋ። በ1918 በስውር ከገቡ ውሾች ጋር ተመልሶ መጣ፤ በዚያው ዘዴ እንደ ገና በ1922 ጠፋ። እኔ በተማርሁበት ባሕር ማዶ አገር ውሻ ያለ ማሠሪያ በመንገድ ሲሄድ ማየት ብርቅ ነበር፤ ሰዎቹ ከእኛ ይልቅ ጠንቃቆች ሆነው ሳይሆን ሕጉ ስለሚያስገድዳቸው ነው። የእኛም ሕግ ቢሆን ዝም አላለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ሳይታሰብ ከእጁ አምልጦ እንኳ ቢሆን ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል።

ውሻን ቀን አሥሮ ሌሊት መፍታት የቆየ ልማድ ነው። አጥሩ ደኅና ከሆነ ልማዱ መልካም ነው። ነገር ግን ከቆርቆሮው በር ሥር ውሻ የሚሾልክበት ቀዳዳ ካለ፣ ወይም አጥሩ እሾኽ ብቻ ከሆነ፣ ሌሊት መፍታት ማለት ወደ ቄራው መላክ ማለት ነው። ስለዚህ ባለቤቱ አስቀድሞ አጥሩን ዞሮ ይመልከት። አጥር ለሌለው ሰው በሁለት እንጨቶች መካከል ሽቦ ወጥሮ የውሻውን ሰንሰለት በቀለበት ከሽቦው ጋር ማያያዝ ይረዳል፤ ውሻው ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ይጠብቃል። በአጭር ገመድ ከፀሐይ ላይ ታስሮ የሚውል ውሻ ክፉና ተናካሽ ስለሚሆን ጥላና ውኃ ሊለየው አይገባም። ማታ በልቶ የጠገበ ውሻም ለመዞር ያለው ፍላጎት ይቀንሳል። ይሁን እንጂ የታረደ እንስሳ ጉበትና ሳንባ ላይ የሚገኘውን ውኃ የቋጠረ ከረጢት ጥሬውን አትስጡት፤ ከዚያ የሚበቅለው የውሻ ትል ዕንቍላል በሰው ጉበት ውስጥ ተመሳሳይ ከረጢት ያመጣል።

ለጠብ ትልቁ ምክንያት ግን ረኃብ ሳይሆን የመራቢያ ወራት ነው። አንዲት ሴት ውሻ ወንድ በምትፈልግበት ጊዜ የሰፈሩ ወንዶች ሁሉ በደጇ ተሰብስበው ይናከሳሉ። ሦስት ሳምንት ያህል በተዘጋ ቦታ መቆየት አለባት። ወንዱን ውሻም ሆነ ወንዱን ድመት በከብት ሐኪም እጅ ማኮላሸት መዞሩንና ጠቡን በብዙ ይቀንሳል። የተኮላሸ ውሻ ዘበኝነቱን ይተዋል የሚባለው ወሬ እውነት አይደለም። ድመት ደግሞ ማታ ምግቧን በቤት ውስጥ ካገኘችና አሸዋ የተሞላ ሣጥን ከተዘጋጀላት በሩ ተዘግቶባት ማደርን በቶሎ ትለምዳለች።

ጠብ ከተነሣ ሰው እጁን በመካከል አያግባ። ውኃ መድፋት፣ ወፍራም ልብስ መጣል ወይም ሳንቃ በመካከላቸው ማስገባት ይሻላል። ከጠቡ በኋላ ቍስሉን የሚነካ ሰው እጁን በላስቲክ ይሸፍን፤ ክትባት ያልተሰጠው ውሻ ከማይታወቅ እንስሳ ጋር የተናከሰ እንደሆነም በዚያው ቀን ለከብት ሐኪም ይነገር።

ሰው የተነከሰ እንደሆነ ቍስሉ ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን ጊዜ ከአፈር ጋር፣ እንዲታጠብ የሚያውቅ ሕዝብ ስለ መታጠብ ብዙ ምክር አያሻውም፤ ነገር ግን አፈሩ ለዕቃ እንጂ ለቍስል አይሆንም። አመድ፣ ቡና ወይም በርበሬ መነስነስም ይጎዳል። ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዶ ክትባቱን መጀመርና የታዘዘውን ሁሉ መፈጸም ያስፈልጋል፤ ቍስሉ ከባድ ከሆነ በቍስሉ ዙሪያ የሚወጋ ሌላ መድኃኒትም አለ። የነከሰው ውሻ ወይም ድመት አይገደል፤ ለ10 ቀን ተዘግቶ ይጠበቅ። በእነዚህ ቀኖች ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰ ጊዜ በምራቁ በሽታው እንዳልነበረ ይታወቃል፤ ሐኪሙም የቀረውን ክትባት ሊያስቀር ይችላል። መግደል ግድ ቢሆን እንኳ ራሱ አይፈነከት፤ በላቦራቶሪ የሚመረመረው አንጎሉ ነውና።

ስለ ሥራሥር መድኃኒት በየጊዜው እንጠየቃለን። በ1895 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብርቱ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ሕዝቡ ከዚህ ሌላ መድኃኒት አልነበረውም። «እገሌ ተነክሶ፣ ሥሩን ጠጥቶ ዳነ» የሚለውም ነገር ሐሰት ላይሆን ይችላል። ነገር ግን የሚናከስ ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም፤ ባበደ ውሻ የተነከሰም ሁሉ አይያዝም፤ ስለዚህ ያለ አንዳች መድኃኒት የሚተርፉ ብዙዎች ናቸው፤ ምስጋናው ግን ለሥሩ ይሰጣል። ሌሎች ደግሞ ክትባቱን የሚሸሹት በሆድ ላይ በየቀኑ ይሰጥ የነበረውን መርፌ አባቶቻቸው ስለነገሯቸው ነው። ያ ከበግ አንጎል የሚሠራው የድሮው ዓይነት ነበር፤ ዘመናዊው በክንድ ላይ የሚሰጥና ቍጥሩም ጥቂት ነው።

ከአንድ አካባቢ ውሾች ውስጥ 70 ከመቶ ያህሉ በየዓመቱ ሲከተቡ የበሽታው መተላለፍ ይቋረጣል። ውሾችን በመርዝ መፍጀት ግን ይህን ውጤት አላስገኘም፤ የተከተበው ከሌላው ጋር ይሞታል፣ በቦታውም ያልተከተበ ቡችላ ያድጋል። ክትባቱ ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል። በዘመቻው ቀን የሚያጋጥመው ችግር ግን ሌላ ነው፤ ገመድ አይቶ የማያውቅ ውሻ ወደ ክትባቱ ቦታ ሊመጣ አይችልም፤ ባለቤቱ ሲጎትተው ይነክሰዋል ወይም አምልጦ ይሮጣል። ስለዚህ ቡችላውን ገና በሁለት ወሩ ለስላሳ ጨርቅ በአንገቱ አሥሮ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ማለማመድ፣ ከሳምንት በኋላም ገመዱን ይዞ በግቢው ውስጥ ማዞር ይበቃል። ይህን ሥራ ልጆች በደስታ ይሠሩታል፤ ቡችላው ሲበላ ግን አይንኩት።