ፈውስ ሙታንን ያቃጥላል ያለው ማን ነው?

በቅርቡ በመራሁት የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጨዋታ አንዲት ተጫዋች የመጨረሻ የፈውስ ድግምቷን ዞምቢ ላይ አዋለችው። የምንጫወተው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛ እትም ስለነበር ምንም እንዳልደረሰበት ነገርኳት። «ፈውስ እኮ ሙታንን ያቃጥላል!» አለች፤ የቀሩትም ደገፏት። ተራዋ ባከነ፤ ባልደረባዋም በዞምቢው እጅ ወደቀ። እስካሁን ይከነክነኛል።

ይህን እምነት ያላገኘሁበት ቡድን የለም። ምንጩ ይገባኛል፦ በፋይናል ፋንታሲ 6 የሙታኑን ባቡር አንድ ፊኒክስ ዳውን ይጥለዋል። የወደቀ ወዳጅን የሚያነሳ ዕቃ ጠላትን ሲገድል ያየ ሰው አይረሳውም። ግን የአንድ ጨዋታ ሕግ የሁሉም ሕግ አይደለም!

ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ራሱ ስንቴ ተገለባበጠ። በ1989ኙ ሁለተኛ እትም ቁስል የሚፈውሰው ድግምት ሕይወት የሌለውን አይፈውስም ነበር። በ2000 ሦስተኛው እትም ፈውስን አዎንታዊ፣ ሙታንን የሚያንቀሳቅሰውን ደግሞ አሉታዊ ኃይል አደረገው፤ ፈዋሹ እጅ ዞምቢን ያቆስላል፣ የሚያቆስለው ድግምት ይጠግነዋል። በ2014 እንደገና «ምንም» ሆነ። በ2024ቱ መጽሐፍ ክልከላው ከነጭራሹ ተነሳ፤ ዞምቢውም እንደማንኛውም ፍጡር ይድናል።

እኔን የሚያናድደኝ ያ «ምንም» ነው። ፈውስ ሥጋን የሚጠግን ከሆነ የበሰበሰውንም ይጠግን። ሞትን የሚቃወም ኃይል ከሆነ ያቃጥለው። በሦስተኛው እትም ክፉው ጠንቋይ የሙታን ሠራዊቱን በምን እንደሚያክም ማንም ሳይነግረው ተጫዋቹ ራሱ ይደርስበታል፤ ዓለሙ ያስባል፣ ያሳስባልም። «ምንም» ግን ተራ ይበላል እንጂ ስለዚያ ዓለም አንዳች አይናገርም።

ቅዱስ ብርሃንን ከፈውስ ጋር የሚያደባልቁም አሉ። በ2014ቱ ሕግ ዞምቢ ሊወድቅ ሲል ዳይስ ጥሎ በአንድ ነጥብ ሊተርፍ ይችላል፤ የጣለው የብርሃን ጉዳት ወይም ክሪቲካል ምት ከሆነ ግን ይህ ዕድል የለውም። ያቺ ተጫዋች የፈለገችው መሣሪያ የብርሃን ድግምት ነበር።

«ሕያው ከሆነ ይድናል» ማለትም አያዋጣም። በፓዝፋይንደር የመጀመሪያ እትም ከቫምፓየር ዘር የሚወለደው ዳምፒር ሕያው ነው፤ የጓደኛው ፈውስ ግን ያቆስለዋል። ዳምፒር ያለበትን ቡድን የሚመራ ጌም ማስተር ይህን ለፈዋሹ መንገር ያለበት የመጀመሪያው ዳይስ ሳይጣል ነው።