አንደኛ ደረጃ ሎጂክ፦ ማሽን የሚያመዛዝንበት ቋንቋ

የዳግማዊ ምኒልክ አባት ኃይለ መለኮት ናቸው፤ የኃይለ መለኮት አባት ደግሞ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ። የምኒልክ አያት ማን እንደሆኑ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። በሎጂክ የሚሠራ ኮምፒውተር ግን «አያት» ምን ማለት እንደሆነ ካልነገሩት ከሁለቱ መረጃዎች ሦስተኛውን አያወጣም። ይህን ከሚነግሩበት ቋንቋ አንዱ አንደኛ ደረጃ ሎጂክ ነው።

መሠረቱን እ.ኤ.አ. በ1879 የጣለው ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጎትሎብ ፍሬገ ነው። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ጆን መካርቲ በ1958 ማሽን ተራ ዕውቀትን በሎጂክ ይዞ እንዲያመዛዝን ሐሳብ አቀረበ። በ1972 ደግሞ በፈረንሳይዋ ማርሴይ በዚሁ ሎጂክ ላይ የቆመው ፕሮሎግ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ተወለደ።

አጻጻፉ አያስቸግርም። መጀመሪያ የታወቀውን እናሰፍራለን፦

አባት(ሣህለ ሥላሴ፣ ኃይለ መለኮት)
አባት(ኃይለ መለኮት፣ ምኒልክ)

ቀጥሎ ለማንም የሚሠራ ሕግ፦

አባት(ሀ፣ ለ) እና አባት(ለ፣ ሐ) ከሆነ፣ አያት(ሀ፣ ሐ)

«የምኒልክ አያት ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ማሽኑ በ«ሐ» ቦታ ምኒልክን ያስገባል። አባታቸውን ሲፈልግ ኃይለ መለኮትን አግኝቶ በ«ለ» ይተካል። የእሳቸውን አባት ሲፈልግ «ሀ» ሣህለ ሥላሴ ይሆናል። መልሱ ተገኘ።

ጀማሪን የሚያሳስተው የ«ሁሉም» እና የ«አለ» ቅደም ተከተል ነው። «ሰው ሁሉ እናት አለው» ማለትና «የሰው ሁሉ እናት የሆነች አንዲት ሴት አለች» ማለት ለየቅል ናቸው። ለሁለተኛው ሔዋንን የሚጠራ ቢኖር እንኳ፣ ሔዋን የራሷ እናት አይደለችም።

ሎጂኩ ገደብ አለው። «ወፍ ሁሉ ይበርራል» ብለው ከጻፉ በኋላ ሰጎን ወፍ ናት፣ ግን አትበርርም ብለው ቢጨምሩ፣ ማሽኑ እርስ በርሱ የሚጋጭ ዕውቀት ይዞ ይቀራል። የሒሳብ ሊቃውንቱ አሎንዞ ቸርችና አለን ቱሪንግም በ1936 እንዳረጋገጡት፣ የቀረበለትን ማንኛውንም ዓረፍተ ነገር ከሕጎቹ ይከተላል ወይስ አይከተልም ብሎ ሁልጊዜ የሚቆርጥ ዘዴ የለም።

ያም ሆኖ በሎጂክ የሚሠራ ማሽን ለምን እንዲህ እንዳለ ሲጠየቅ እያንዳንዱን እርምጃ ቆጥሮ ያሳያል፤ በብዙ ጽሑፍ የሠለጠኑት የዛሬዎቹ ሞዴሎች ይህን ዋስትና አይሰጡም። መማር የሚፈልግ አንባቢ የራሱን ቤተሰብ እስከ ሰባት ቤት ጽፎ፣ «የአጎት ልጅ» የሚለውን ሕግ ራሱ ቢያወጣ ጥሩ ጅምር ነው።