ሠዓሊ ፍሬ ጽዮንና የደጋ እስጢፋኖስ ሥዕል፤ ለሥነ ጥበብ ትምህርት ያለው ጠቀሜታ

ስለ ኢትዮጵያ ጥንታዊ ሥዕል የሚሰጠው ትምህርት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ሠዓሊዎቹ ስማቸውን ሳይጽፉ አልፈዋል በሚል መግለጫ ነው። መግለጫው በአመዛኙ ትክክል ቢሆንም፣ ተማሪው ሥዕሉን የአንድ ሰው ዕውቀት፣ ድካምና ምርጫ ውጤት አድርጎ እንዳይመለከተው ሊያደርግ ይችላል። ለዚህ አስተያየት ማረሚያ የሚሆን ማስረጃ ከደቅ ደሴት አጠገብ በምትገኘው በደጋ ደሴት፣ በደጋ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ ይገኛል። ይኸውም በ15ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው የፍሬ ጽዮን ሥራ ነው።

ሀ. ዘመኑ

ስለ ፍሬ ጽዮን የሚታወቀው በዋነኛነት ከራሱ ሥራዎች ነው። በገዳሙ በሚገኘው ትልቅ የድንግል ማርያምና የልጇ ሥዕል ላይ የሰፈረው ጽሑፍ፣ ሥራው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ በአበምኔቱ በይስሐቅ ጊዜ መፈጸሙንና ሠዓሊውም ፍሬ ጽዮን መሆኑን ይመሰክራል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የነገሠው ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. በመሆኑ የሥዕሉ ዘመን በዚሁ የተወሰነ ነው።

ይህ ሥዕል በዚያ ዘመን የተሠራው በአጋጣሚ አይደለም። ንጉሡ የማርያም በዓላት በየዓመቱ እንዲከበሩና ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ሥርዓት አቁሞ ነበር። ሥዕለ ማርያም በሥርዓቱ ውስጥ የክብር ስፍራ ስለ ተሰጠው የሥዕል ሰሌዳ ፈላጊው በዛ። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ ከውጭው ዓለም ጋር ግንኙነት ነበራት፤ የኢትዮጵያ መልእክተኞች በ1402 እ.ኤ.አ. ቬኒስ፣ በ1441 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፍሎረንስ ደርሰዋል። በፍሬ ጽዮን ሥራዎች ላይ የሚታየው የግሪክና የኢጣሊያ ሥዕል ምልክት ከዚህ ግንኙነት ጋር የተያያዘ ነው።

ለ. አሠራሩ

የዘመኑ ሠዓሊ አስቀድሞ የእንጨት ሥራን ማወቅ ነበረበት። እንደ ወይራ ወይም ዋንዛ ያለ እንጨት ተጠርቦ ይለሰልሳል፤ በላዩ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት በሚወጣ ሙጫ የተለወሰ የጀሶ ልባስ ይቀባል። ልባሱ ሲደርቅ ንድፉ ይወጣል፤ ከዚያም ከማዕድንና ከዕፅ የተዘጋጁ ቀለሞች ይሞላሉ።

ፍሬ ጽዮን በመስመር የሚተማመን ሠዓሊ ነበር። የፊት ቅርጹ ሞላላ፣ ዓይኑ ረዘም ያለ፣ አፍንጫው ቀጭን ነው፤ የልብሱ እጥፋት በተጠጋጉ የሚፈሱ መስመሮች ይገለጻል። ማርያምን ሚካኤልና ገብርኤል በግራና በቀኝ ይጠብቋታል። ሠዓሊው ከውጭ የመጣውን አርአያ እንዳለ አልገለበጠም፤ የብርሃንና የጥላን ሥራ ትቶ፣ በብራና መጻሕፍት ሥዕል የዳበረውን የመስመርና የጠፍጣፋ ቀለም ስልት አጸና። ተማሪው ከዚህ የሚማረው ቁም ነገር፣ መዋስና መቅዳት አንድ አለመሆናቸውን ነው።

ሐ. ስም የሌላቸውን ሥራዎች መለየት

ተመራማሪዋ ማሪሊን ሄልድማን በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሌሎች ስም ያልተጻፈባቸውን ሰሌዳዎች ከደጋው ሥዕል ጋር በማነጻጸር ለፍሬ ጽዮንና ለተከታዮቹ ሰጥተዋል። ከእነዚህ ወገን የሚቈጠሩ ሥራዎች በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምና በአሜሪካ ባልቲሞር በዋልተርስ የጥበብ ሙዚየም ይገኛሉ። ዘዴው ለክፍል የተመቸ ነው። መምህሩ ስሙ የታወቀውን ሥዕል ቅጂ ያቀርባል፤ ተማሪዎች የዓይንን፣ የእጅንና የልብስ እጥፋትን አሣሣል በዝርዝር ይመዘግባሉ፤ ከዚያም ሌላ ሥዕል ተሰጥቷቸው የአንድ እጅ ሥራ መሆን አለመሆኑን በማስረጃ ይከራከራሉ።

መ. ለትምህርት ዕቅድ የሚነሣ ጥያቄ

በደጋ እስጢፋኖስ ሥርዓት መሠረት ሴቶች ወደ ደሴቲቱ አይገቡም። በመሆኑም በደቅ የምትማር ልጃገረድ የደጋን ኮረብታ በየቀኑ ከማዶ እያየች፣ ሥዕሉን ግን በዓይኗ ለማየት አትችልም። ወደ ገዳሙ በሚደረግ ጉብኝት ላይ ብቻ የተመሠረተ ትምህርት ግማሹን ክፍል ያስቀራል ማለት ነው። የገዳሙ ሥርዓት መከበር የሚገባው ስለ ሆነ፣ መፍትሔው የሚፈለገው ከትምህርት ዕቅዱ በኩል ነው።

አንደኛ፣ በገዳሙ ፈቃድ የተነሡ ጥራት ያላቸው ፎቶግራፎች በትልቁ ታትመው ለየትምህርት ቤቱ ቢታደሉ ሁሉም ተማሪ እኩል ይማራል፤ ሥዕሉም ከመነካካትና ከብዙ ብርሃን ይድናል። ሁለተኛ፣ በደቅ ደሴት ላይ ያለው፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ያሠራችው የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ለሴቶችም ለወንዶችም ክፍት ስለ ሆነ፣ የግድግዳ ሥዕሎቹ ለቀጥታ ምልከታ ሊያገለግሉ ይችላሉ። የሦስት መቶ ዓመት ልዩነት ያላቸውን ሁለቱን ሥራዎች ያነጻጸረ ተማሪ፣ በአንድ ሐይቅ ላይ የሥዕል ስልት ምን ያህል እንደ ተለወጠ ራሱ ይደርስበታል።

የፍሬ ጽዮን ስም የተረፈው በሰሌዳው ላይ ስለ ተጻፈ ነው። ስሙን ከገዳሙ ደጃፍ አልፎ ወደ ወንዱም ወደ ሴቷም ተማሪ ማድረስ ግን የመምህሩና የዕቅድ አውጪው ተግባር ይሆናል።