ውሃው በሚመላለስበት ወንዝ ዳርቻ የጠፋ ዕቃን መፈለግ፦ የቴምዝ ወንዝ አብነት



የዛሬው ንግግሬ በለንደኑ ቴምዝ ወንዝ ዳርቻ ስለሚደረግ አሰሳ ነው። ላስረዳ የምሻው የአሰሳ ዕቅድ ከመውረጃው ሳይሆን ከመውጫው ሰዓት መጀመር እንዳለበት ነው።

በአገራችን ወንዝ ሲሞላ ከላይ ዝናብ መዝነቡን እንረዳለን። የቴምዝ ሙላት ግን በጨረቃና በፀሐይ ስበት ከባሕር ይመጣል፤ እስከ ቴዲንግተን ድረስ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፣ ይጎድላልም። በመካከለኛው ለንደን የሙላቱና የጉድለቱ የከፍታ ልዩነት እስከ 7 ሜትር ይደርሳል።

አሞላሉ ወጥ አይደለም። መርከበኞች በሚጠቀሙበት ግምታዊ ስሌት መሠረት ውሃው በመጀመሪያው ሰዓት የሚወጣው የጠቅላላውን ከፍታ አንድ ዐሥራ ሁለተኛ ብቻ ነው፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ግን ግማሹን ይወጣል። ልዩነቱ 7 ሜትር ቢሆን፣ መጀመሪያ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ኋላ ግን በሁለት ሰዓት 3.5 ሜትር ማለት ነው። በቴምዝ የሙላቱ ጊዜ ከጉድለቱ ስለሚያጥር፣ እውነታው ከስሌቱም ይፈጥናል። የመጀመሪያው ሰዓት ዝግታ ያዘናጋል፤ ፈላጊው ቀና ሲል ከኋላው ግንብ፣ በእርሱና በደረጃው መካከል ደግሞ ውሃ ያገኛል።

ስለዚህ ዕቅድ ሳወጣ አስቀድሜ የምጽፈው የመውጫውን ሰዓት ነው፤ እርሱም ውሃው መመለስ የሚጀምርበት ነው። ከዚያ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ቆጥሬ መውረጃውን እወስናለሁ። ዝቅተኛው ውሃ በሁሉም ስፍራ በአንድ ጊዜ ስለማይሆን፣ ሰንጠረዡ የዚያው ስፍራ መሆን አለበት። በግሪኒች ሰዓት የተዘጋጀ ከሆነም፣ ብሪታንያ ሰዓቷን ወደ ፊት በምታዞርባቸው ወራት አንድ ሰዓት ይጨመርበታል። ቢያንስ ሁለት መውጫ ደረጃዎች በካርታ ላይ ይለያሉ፤ ብቻ መውረድ አይገባም።

ጊዜው አጭር ስለሆነ ስፍራውን ማጥበብ የጽሕፈት ጠረጴዛ ሥራ ነው። የደቭስ ማተሚያ ቤት መሥራች ኮብደን-ሳንደርሰን የፊደል እርሳሶቹን እ.ኤ.አ. በ1916 እና በ1917 ከሃመርስሚዝ ድልድይ ወደ ወንዙ ጥሎ፣ ድርጊቱን በማስታወሻው መዝግቦት ነበር። በ2014 አንድ የፊደል ነዳፊ በዚያ መዝገብ ተመርቶ ስፍራውን ለየ፤ ጥቂቶቹን ውሃው ሲጎድል ከዳርቻው ለቀመ፤ በጠላቂዎች እርዳታ ደግሞ በጠቅላላው 150 ያህል ተገኙ።

ከለንደን ወደብ ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይያዝ መፈለግ ክልክል ነው፤ ታሪካዊ ግኝትም ለባለሙያ ይመዘገባል። ከከባድ ዝናብ በኋላ የፍሳሽ ቆሻሻ ወደ ወንዙ ሊገባ ስለሚችል ጓንት ማድረግ፣ ቁስልንም መሸፈን ያሻል። አደጋ ቢደርስ በ999 ደውሎ የባሕር ዳርቻ ጥበቃን መጥራት ነው።

አንድ ዕቃ በጭቃው ውስጥ መቶ ዓመት ከቆየ እስከ ነገው ጉድለት ይቆያል። የተጻፈው ሰዓት ሲደርስ፣ እጃችሁ የያዘው ገና ባይወጣም እንኳ ትታችሁት ውጡ።