ለጡረታ ወደ አሜሪካ በረሃማ ከተሞች፦ ርካሽ ቤት ሁሉ ርካሽ ኑሮ አይደለም

በአሜሪካ ታክሲ ሲነዱ፣ በሆስፒታልና በመጋዘን ሲሠሩ የኖሩ በርካታ ወገኖቻችን ለጡረታ ደርሰዋል። እንደ ዋሽንግተን ዲሲና ሲያትል ባሉ ከተሞች የቤት ወጪው ከጡረታ ገቢ በላይ ሲሆንባቸው፣ አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ወደ ኔቫዳ፣ አሪዞናና ኒው ሜክሲኮ ያዞራሉ። ከመወሰን በፊት ግን ከቤቱ ዋጋ ባሻገር የሚታሰቡ ነገሮች አሉ።

ግብር
ኔቫዳ ከግለሰብ ገቢ ላይ የስቴት ግብር አትሰበስብም። አሪዞና እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ 2.5 በመቶ ታስከፍላለች፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያን ግን አትነካም። ኒው ሜክሲኮም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ዓመታዊ ገቢያቸው እስከ 100,000 ዶላር የሆነ ላጤዎችን፣ በጋራ ለሚያሳውቁ ባለትዳሮች ደግሞ እስከ 150,000 ዶላር ድረስ ከሶሻል ሴኩሪቲ ግብር ነጻ አድርጋለች። በቴክሳሷ ኤል ፓሶ የገቢ ግብር ባይኖርም የንብረት ግብሩ ከባድ ነው።

ሙቀት
እ.ኤ.አ. በ2023 ፊኒክስ ውስጥ ለ31 ተከታታይ ቀናት ሙቀቱ 43 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ደርሷል። ከተማዋ ባለችበት ማሪኮፓ ካውንቲ በዚያው ዓመት ከሙቀት ጋር በተያያዘ ከ600 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በእነዚህ ወራት ኤሲ ቀንም ሌሊትም ስለሚሠራ የመብራት ሂሳቡ ይንራል። ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው አልበከርኪ ሌሊቷ ቀዝቀዝ ይላል። ቱሳንም ከፊኒክስ ትንሽ ትሻላለች።

የቤቱ ደንብ
በአካባቢው ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ብቻ የተሠሩ መንደሮች አሉ። ጸጥታቸው ቢማርክም፣ ብዙዎቹ ልጆች በቋሚነት እንዲኖሩ አይፈቅዱም። የልጅ ልጆቻችሁን ለማሳደግ ካሰባችሁ ደንቡን አስቀድማችሁ አንብቡ። የመንደሩን ማኅበር ወርሃዊ መዋጮም ከወጪው ጋር ደምሩ። በወለድ ላለመበደር የምትፈልጉ ደግሞ፣ የቀድሞ ቤታችሁ ሽያጭ አዲሱን በጥሬ ገንዘብ ይገዛ እንደሆነ አስሉ።

ሕክምና
ሜዲኬር የሚጀምረው በ65 ዓመት ነው። በ62 ዓመቱ ጡረታ የሚወጣ ሰው ለሦስት ዓመት ሌላ መድን ያስፈልገዋል። የሜዲኬር አድቫንቴጅ ዕቅዶች በአካባቢ የተወሰኑ ስለሆኑ፣ ስትዛወሩ ዕቅዱን መቀየር ሊኖርባችሁ ይችላል።

መስጂድና ወገን
ላስ ቬጋስ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖሩባታል። በፊኒክስ አጠገብ ባለችው ቴምፒ የቁበት አስ-ሰኽራን ቅርጽ ይዞ የተሠራ መስጂድ አለ፤ በቱሳንና በአልበከርኪም መስጂዶች አሉ። ዋናው ጥያቄ ግን መኪና መንዳት ባቆማችሁ ጊዜ ለጁምዓ እንዴት ትደርሳላችሁ የሚለው ነው። ከከተማ ወጣ ያለ ቤት የሚረክሰው አንድም አውቶቡስ ስለማይደርስበት ሊሆን ይችላል። የሙስሊም መቃብር የት እንዳለና የጀናዛ ወጪው ምን ያህል እንደሆነም ከአካባቢው መስጂድ ጠይቁ፤ ነገ ለልጆቻችሁ ሸክም ይቀንሳል።

ስለዚህ ቤት ከመግዛታችሁ በፊት በጁላይ ወር፣ ሙቀቱ በበረታበት ጊዜ፣ ለአንድ ወር ተከራይታችሁ ኑሩ። የመብራት ሂሳቡን እዩ፤ ወደ መስጂድ፣ ወደ ሐኪምና ወደ ገበያ ያለ መኪና ሂዱ። በዚያ ወር ያልከበዳችሁ ከተማ በእርጅናም አይከብዳችሁም፣ ኢንሻአላህ።