የበረዶ ዓይነቶችን በየስማቸው መጥራት፦ ከሰሜን ባሕር ጕዞ የተወሰዱ ቃላት

ወደ ሰሜን ባሕር በጀልባ ተጕዞ የበረዶ ክምር መመልከትን የሚያብራራ መምሪያ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጋጥመው ችግር የ«በረዶ» ስፋት ነው። ቃሉ በአገራችን ደጋ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጣር ጠብታ ያመለክታል፤ የረጋ ውሃም ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራል። «አመዳይ» እና «ውርጭ» አሉን፤ ግእዝም በረድን፥ ሐመዳንና አስሐትያን ይለያል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ አንዱም በየብስ ላይ ተጋግሮ ቀስ በቀስ ወደ ባሕር የሚወርደውን በረዶ ለይቶ አይሰይምም።

ለምሳሌ በግሪንላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ፥ ከአርክቲክ ክበብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በስተሰሜን የምትገኘውን የኢሉሊሳትን ከተማ እንውሰድ። ጐብኚዎችን የያዙ ጀልባዎች ከወደቧ ተነሥተው፥ እ.አ.አ. በ2004 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ወደ ተመዘገበው ፊዮርድ አፍ ይሄዳሉ። በፊዮርዱ ራስ ሰርመክ ኩያሌክ የተባለው ግዙፍ ግግር ባሕር ይገባል፤ ከጫፉ የሚገነጠለውም ክፍል ወደ ዲስኮ ወሽመጥ ያመራል። በፊዮርዱ አፍ ላይ የውሃው ጥልቀት ስለሚቀንስ ትልልቆቹ መሬት ነክተው ይቆማሉ። የአገሬው ቋንቋ ካላሊሱት ግግሩን «ሰርመክ»፥ ከግግሩ የተገነጠለውን «ኢሉሊያክ»፥ የባሕሩ ውሃ ራሱ ረግቶ የሚሆነውን «ሲኩ» ይለዋል። «ኢሉሊሳት» የ«ኢሉሊያክ» ብዙ ቍጥር ነው።

በእኛ ዘንድ ለኢሉሊያክ የተለመደው «የበረዶ ተራራ» ነው። ይህ ስያሜ እንደ ኪሊማንጃሮ ያለውን፥ ራሱ በረዶ የለበሰ ተራራ ስለሚያስታውስ ያሻማል። «ተንሳፋፊ» የሚለውን ቅጽል መጨመርም አይበቃም፤ በኢሉሊሳት እንደሚታየው መሬት ነክቶ የቆመውም ያው ነገር ነውና። መለያው መንሳፈፉ ሳይሆን ከግግር መገንጠሉ ነው።

ስለዚህ የሚከተሉት ቃላት ለውይይት ቀርበዋል።

ግግር፦ በየብስ ላይ ተከማችቶና ተጋግሮ በራሱ ክብደት የሚፈስ በረዶ።

የባሕር በረዶ፦ የባሕር ውሃ ራሱ ረግቶ የሚሆነው።

ግንጣይ ጋራ፦ ከግግር ተገንጥሎ ከባሕር ወለል በላይ ከ5 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታይ።

ግንጣይ ጕብታ፦ ከ1 እስከ 5 ሜትር የሚታይ።

ግንጣይ ጕማጅ፦ ከ1 ሜትር በታች የሚታይ።

የከፍታው ልክ የዓለም ሜቴዎሮሎጂ ድርጅት እ.አ.አ. በ1970 ካወጣው የባሕር በረዶ ስያሜ ጋር ይስማማል። «ግንጣይ» ከዛፍ የተገነጠለ ቅርንጫፍ እንደሚባለው ሁሉ ከእናቱ የተለየን ክፍል ይገልጻል፤ ድርጊቱንም «መገንጠል» ማለት ይቻላል። እንግሊዝኛ ለዚሁ ድርጊት ላም ጥጃ ስትወልድ የሚነገረውን ግሥ ይጠቀማል፤ ቃል በቃል ቢመለስ አንባቢን ያስቃል እንጂ አያስረዳም። ትንሹንም ባሕረኞች «አጕረምራሚ» በሚል ስም ይጠሩታል፤ «ጕማጅ» ግን እንደ ግንድ ውሃ ውስጥ ተኝቶ ጥቂት ብቻ ብቅ ማለቱን ያሳያል።

ልዩነቱ ለሕይወትም ያሰጋል። ከግንጣይ ጋራ ክብደት ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ከውሃ በታች ነው፤ ቅርጹ በመቅለጥና በመሰበር ሲለወጥ ድንገት ሊገለበጥና ብርቱ ማዕበል ሊያስነሣ ይችላል፤ ስለዚህ ጀልባ ርቆ መቆም አለበት። ግንጣይ ጕማጅ በማዕበል መካከል ለዓይንም ለራዳርም ስለሚሰወር ፍጥነት መቀነስና ነቅቶ መጠበቅ ያሻል። ሁለቱ ማስጠንቀቂያዎች «ከበረዶ ተጠንቀቁ» ተብለው በአንድነት ቢተረጐሙ፥ መንገደኛው ግዙፉን እያየ ሲሸሽ ትንሹ ያገኘዋል። እንዲህ ቢባል ግን ይለያል፦ «ወደ ግንጣይ ጋራ አትቅረቡ፤ ግንጣይ ጕማጅ ባለበት ውሃ ፍጥነት ቀንሱ።»

ተርጓሚዎች ቃላቱን በሥራ ላይ አውለው፥ የትኛው እንደሚመች፥ የትኛው አንደበት ላይ እንደሚከብድ ቢገልጹልን ለቀጣዩ ማሻሻያ ይጠቅማል።